ለክረምት የኦፕን ሶርስ ጌም ሥራ ማመልከት፦ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚሠራው ሥራ

ባለፈው መጋቢት አንድ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ (ኦፕን ሶርስ) ሶፍትዌር ላይ ለሚያሠራው የክረምት ፕሮግራም፣ ያዘጋጀውን ፕሮፖዛል (የሥራ ዕቅድ) እንዳይለት ላከልኝ። አሥራ አራት ገጽ ነው። ሽፋን አለው፣ ማውጫ አለው፣ በቀለም የተዋበ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ሊሠራበት ባሰበው የጌም ፕሮጀክት የኮድ ማከማቻ ውስጥ ስሙን ፈለግሁት፤ የለም። ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም፣ ስህተት ጠቁሞ አያውቅም፣ ጌሙን በራሱ ላፕቶፕ ኮምፓይል አድርጎ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይሮ) አስነስቶም አያውቅም። ማመልከቻው ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል። ልጁ ችሎታ አያንሰውም፤ ከላካቸው ሥራዎች ሲ ፕላስ ፕላስ በደንብ እንደሚጽፍ አይቻለሁ። ግን አልተቀበሉትም።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ለአንድ የጌም ፕሮጀክት ብዙ ገጽ ጽፌ አስገባሁ፤ መልሱ እንቢታ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ያስገባሁት አምስት ገጽ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከማመልከቴ በፊት ሦስት ትንንሽ ማስተካከያዎቼ ተቀባይነት አግኝተው ፕሮጀክቱ ውስጥ ገብተው ነበር። ገምጋሚዎቹ ስሜን የሚያውቁት ከፕሮፖዛሉ ሳይሆን ከኮዱ ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው የመጀመሪያውን ዓመት ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው፤ አንድ ዓመት ለተማሪ ብዙ ነው።

ፕሮግራሙ ምንድን ነው?

ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እስካሁን ከ20,000 በላይ ሰዎች አልፈውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጉግል ገንዘቡን ይከፍላል፤ ሥራው የሚሠራው ግን ለጉግል አይደለም። ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የሚያዘጋጁ ድርጅቶችና ማኅበረሰቦች በየዓመቱ እንደ አዲስ አመልክተው ይመረጣሉ፤ ከዚያ እናንተ ከመካከላቸው አንዱን መርጣችሁ ለእሱ ታመለክታላችሁ። ከተመረጣችሁ ከዚያው ፕሮጀክት ሜንተር (ሥራችሁን የሚመራ ሰው) ይመደብላችኋል፤ እቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ትሠራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የገቡት ድርጅቶች 185 ነበሩ።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር በዚህ ዝርዝር ውስጥ የጌም ፕሮጀክቶችም መኖራቸውን ነው። የጥንት የጀብዱ ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ የሚያስነሳው ስካምቪኤም በተደጋጋሚ ገብቷል። ጎዶት የተባለው የጌም ኤንጂን (ጌሞች የሚሠሩበትና የሚነሡበት ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. በ2018 ገብቶ ነበር። የጌም ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት ብሌንደር ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ያለ ነው። ለልጆች የተሠሩ የትምህርት ጨዋታዎችን የያዘው ጂኮምፕሪ ደግሞ ኬዲኢ በተባለው የኦፕን ሶርስ ማኅበረሰብ ጥላ ሥር ተማሪዎችን ሲቀበል ቆይቷል። አንድ ድርጅት አምና ስለገባ ዘንድሮም ይገባል ማለት ግን አይደለም።

ማመልከት የሚችለው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና ተማሪ ወይም ለኦፕን ሶርስ ጀማሪ የሆነ ሰው ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ ለተማሪዎች ብቻ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ከትምህርት የወጡ ጀማሪዎችም ተፈቅዶላቸዋል። በምትኖሩበት አገር መሥራት የሚፈቀድላችሁ መሆን አለባችሁ። አሜሪካ በተማሪ ቪዛ የምትማሩ ልጆቻችን ይህን ከዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ የሥራ ፈቃዱ ወረቀት ጊዜ ይፈልጋል። ለማመልከት አንድ ሳንቲም አይከፈልም። «ላስገባላችሁ፣ ገንዘብ ክፈሉ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት።

ፕሮጀክቶቹ በሦስት መጠን ይመጣሉ፦ ወደ 90 ሰዓት የሚወስድ ትንሽ፣ 175 ሰዓት የሚወስድ መካከለኛ፣ 350 ሰዓት የሚወስድ ትልቅ። ክፍያው በፕሮጀክቱ መጠንና በምትኖሩበት አገር የኑሮ ውድነት ይሰላል። ዝቅተኛው ለትንሹ 750፣ ለመካከለኛው 1,500፣ ለትልቁ 3,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። የሚከፈለው በሁለት ጊዜ ነው፤ አጋማሽ ላይ ያለውን ግምገማ ስታልፉ 45 በመቶ፣ መጨረሻውን ስታልፉ 55 በመቶ። ግምገማውን ያላለፈ ሰው ክፍያውን አያገኝም።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር

በ2017 ዓ.ም. የነበረው እንዲህ ነው፦ የተመረጡት ድርጅቶች ዝርዝር የካቲት 20 ወጣ። ማመልከቻው መጋቢት 15 ተከፍቶ መጋቢት 30 ተዘጋ። ውጤቱ ሚያዝያ 30 ተነገረ፤ ኮድ መጻፉ ግንቦት 25 ተጀመረ። ቀኖቹ በየዓመቱ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላሉ፤ የዘንድሮውን ከፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ ከአልጋችሁ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፉት።

ይህን ሰሌዳ ያየ ሰው «እንግዲያው በየካቲት እጀምራለሁ» ይላል። እስከ መዝጊያው ከስድስት ሳምንት በታች ነው የሚቀረው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ አመልካቾች ወደነዚያው ድርጅቶች አንድ ላይ ይጎርፋሉ፤ ሜንተሮቹ መልስ መስጠት ያቅታቸዋል። በታኅሣሥ የተላከ ጥያቄ በማግስቱ መልስ ያገኛል፤ በመጋቢት የተላከው ያው ጥያቄ ሳምንት ይጠብቃል። ስለዚህ ጅምሩ ታኅሣሥ ነው፤ ቢዘገይ ጥር። ድርጅቱ ዘንድሮ መመረጡ ሳይታወቅ መጀመሩ ያስፈራ ይሆናል። ባይመረጥ እንኳን የጻፋችሁት ኮድ የእናንተ ስም ያለበት ኮድ ነው፤ ለሥራም ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል።

አንድ ፕሮጀክት ምረጡ፤ አንድ ብቻ

ሕጉ እስከ ሦስት ፕሮፖዛል ማስገባት ይፈቅዳል። የእኔ ምክር ግን አንድ ፕሮጀክት ይዛችሁ እንድትጠልቁበት ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ሦስት ቦታ ላይ ላዩን የነካካ ሰው ሦስቱም ጋ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ስትመርጡ ዝናውን ሳይሆን ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ የምታውቁትን ቋንቋና ያላችሁን ላፕቶፕ። ጎዶት በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ትልቅ ኤንጂን ነው። 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ከዜሮ ኮምፓይል ሲደረግ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል፤ በመሀል መብራት ከጠፋ ደግሞ ትዕግሥት ይፈታተናል። ስካምቪኤምም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በውስጡ እጅግ ብዙ የጌም ኤንጂኖች አሉ፤ ለኮምፓይል ስታዘጋጁት ሁሉንም ዘግታችሁ የምትሠሩበትን አንዱን ብቻ መክፈት ትችላላችሁ። ያኔ ሥራው በእጅጉ ይቀልለዋል፤ ደካማ ኮምፒውተርም ይችለዋል። የሚፈተሽበት ጌም ከየት አመጣለሁ ለሚል ደግሞ ባለቤቶቹ በነጻ የለቀቋቸውን ጌሞች ከስካምቪኤም ድረ ገጽ ማውረድ ይቻላል።

ጃቫስክሪፕት የምታውቁ ከሆነ ጂኮምፕሪን አስቡበት። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጁ ከ100 በላይ ትንንሽ ጨዋታዎች ስብስብ ነው። የተጻፈው በኪውኤምኤል (የስክሪን ገጽታ መጻፊያ ቋንቋ) እና በጃቫስክሪፕት ሲሆን እያንዳንዱ ጨዋታ ራሱን በቻለ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። አንዱን ፎልደር ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አንብቦ መረዳት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መቶ ሺህ መስመር ኮድ ፊት ቆሞ ከመደንዘዝ ያድናል።

ከመወሰናችሁ በፊት የድርጅቱን የቆዩ የሐሳብ ዝርዝሮች አንብቡ። እያንዳንዱ ድርጅት ተማሪዎች እንዲሠሩለት የሚፈልገውን ዘርዝሮ ያወጣል፤ ያለፉት ዓመታት ዝርዝሮችም ብዙ ጊዜ አይጠፉም። አምናና ካቻምና የተመረጡት ተማሪዎች ምን ሠሩ? ሥራቸው እስከ ዛሬ ጌሙ ውስጥ አለ ወይስ ተጥሏል? ይህን ያጣራ አመልካች ድርጅቱ ምን እንደሚወድ ከሌሎቹ ቀድሞ ያውቃል።

በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አስነሡት

የመጀመሪያው እንቅፋት ኮዱን ማውረድ ነው። እነዚህ ፕሮጀክቶች የብዙ ዓመት ታሪካቸውን ይዘው ስለሚመጡ ማከማቻቸው ከባድ ነው። ጊት (የኮዱን ለውጦች ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ደግሞ ማውረዱ በመሀል ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ዘጠና በመቶ ደርሶ ኔትወርክ ሲሄድበት ያየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። መፍትሔው የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ማውረድ ነው፤ ጊትን ጥልቀቱ 1 እንዲሆን ታዝዙታላችሁ። መጠኑ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ሙሉውን ታሪክ ስትፈልጉ በኋላ፣ ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ሌሊት ወይም በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ፣ ቀስ እያላችሁ ትጨምሩታላችሁ።

ከዚያ የኮምፓይል መመሪያቸውን መስመር በመስመር ተከተሉ። ከቻላችሁ ሊኑክስ ተጠቀሙ፤ አብዛኞቹ መመሪያዎች በእሱ ላይ የተፈተኑ ናቸው። አይሳካም። በመጀመሪያው ሙከራ የሚሳካለት ጥቂት ነው፤ የሆነ ላይብረሪ ይጎድላል፣ የሆነ ነገር ያረጀ ይሆናል። እዚህ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለ፦ ያጋጠማችሁን ስህተትና ያስተካከላችሁበትን መንገድ ደብተር ላይ ጻፉ። መመሪያው ላይ የጎደለ ወይም ያረጀ ዐረፍተ ነገር ካገኛችሁ የመጀመሪያው ሥራችሁ በእጃችሁ ገባ ማለት ነው። መመሪያውን አስተካክሎ መላክ እውነተኛ አስተዋጽኦ ነው፤ የድሮዎቹ አባላት ስህተቱን አያዩትም፣ እነሱ ያንን መንገድ ከተሻገሩ ዓመታት አልፈዋል።

ሲነሣላችሁ ተጫወቱበት። ሁለትና ሦስት ምሽት፣ በእርጋታ። የማይሠራ ቁልፍ፣ ከስክሪኑ የሚወጣ ጽሑፍ፣ የሚዘገይ ድምፅ ካያችሁ መዝግቡ።

የመጀመሪያው ትንሽ ማስተካከያ

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው። አብዛኞቹ የጌም ድርጅቶች ኮድ ያልላከን አመልካች ፕሮፖዛሉን እስከ መጨረሻው አንብበው እንኳን አይመርጡትም። ማስተካከያው ትልቅ እንዲሆን አይጠብቁም። የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ሰው መመሪያ ማንበብ ይችላል? አስተያየት ሲሰጠው ምን ያደርጋል? ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል ወይስ ይጠፋል?

ጎዶትን በመሰሉ ፕሮጀክቶች ማከማቻ ውስጥ ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎች በምልክት ተለይተው ተቀምጠዋል። አንዱን ከመያዛችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ውይይት በሙሉ አንብቡ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ሰው «እኔ እሠራዋለሁ» ብሎ ይሆናል። ስካምቪኤምና ጎዶት ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ስለሆኑ የምትልኩት ፑል ሪኩዌስት ይባላል፤ ኬዲኢ የራሱ ጊትላብ ስላለው እዚያ መርጅ ሪኩዌስት ነው የሚሉት። ነገሩ አንድ ነው።

ከመላካችሁ በፊት የፕሮጀክቱን የአጻጻፍ ደንብ አንብቡ። ለምሳሌ ስካምቪኤም የኮዱ መስመሮች በታብ እንዲገቡ ይፈልጋል፤ የኮሚት መልእክት ደግሞ በተነካው ክፍል ስም በትልልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ምን እንደተሠራ በአጭሩ። በአራት ስፔስ ጽፎ «አስተካከልኩት» የሚል ኮሚት የላከ ሰው ደንቡን እንዳላነበበ በአንድ እይታ ይታወቃል። አንድ ፑል ሪኩዌስት አንድ ነገር ብቻ ይሥራ። መንገድ ላይ ያያችሁትን ሌላ ስህተት አብራችሁ አታስተካክሉ፤ ለብቻው ላኩት።

አስተያየት ይመጣል። «ይህን ፈንክሽን ለምን አልተጠቀምክም?»፣ «ይህ ስም ግልጽ አይደለም»፣ «ይህ በስልክ ላይ ተፈትኗል?» ይሏችኋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመምህር ሲመጣ የተግሣጽ ያህል ይሰማናል፤ እዚያ ግን የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ሃያ ዓመት የሠራውም ሰው ኮዱን ሲልክ እንዲሁ ይጠየቃል። ጥያቄውን መልሱ፣ አስተካክሉ፣ አመስግኑ፣ እንደገና ላኩ። የመጀመሪያው ማስተካከያዬ አራት ጊዜ ተመልሶብኛል፤ ለውጡ ግን ስድስት መስመር ብቻ ነበር። በኋላ ሜንተሬ የሆነው ሰው እኔን የመረጠኝ በእነዚያ አራት ምልልሶች እንደሆነ ነግሮኛል።

እንዴት ይነጋገሯቸዋል?

ሁሉም ድርጅት ውይይት የሚያደርግበት የጋራ ቦታ አለው፤ አንዳንዱ ዲስኮርድ፣ አንዳንዱ ማትሪክስ፣ አንዳንዱ የኢሜይል ዝርዝር። በጋራው ቦታ ጠይቁ፤ ለሜንተሩ በግል አትጻፉ። በግል የተጻፈ ጥያቄ የአንድ ሰው ሸክም ነው፤ በጋራ የተጻፈውን ማንም ነቅቶ ያለ ሰው ይመልሰዋል። አጻጻፉ ላይም ልንለምደው የሚገባ ነገር አለ። ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እዚያ ግን ሁሉም በመጠሪያ ስሙ ይጠራል። ረጅም የአክብሮት መግቢያ ጥያቄውን ይደብቀዋል፤ ሰላምታ ሰጥታችሁ በቀጥታ ግቡ።

ብዙ ጊዜ የሚላከው መልእክት እንዲህ ያለ ነው፦ «ሰላም፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በፕሮጀክታችሁ መሳተፍ በጣም እፈልጋለሁ፤ እባካችሁ ከየት ልጀምር?» ትሕትና አለው፣ ነገር ግን መልስ ሰጪው ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ከዚህ ጋር አወዳድሩት፦ «ሰላም። ፕሮጀክቱን ኡቡንቱ ላይ ኮምፓይል አድርጌ አስነሥቻለሁ። በቁጥር ጨዋታው ውስጥ ስልኩን ወደ ጎን ሳዞረው የማረጋገጫው ቁልፍ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ምስሉን አያይዣለሁ። ቁመቱ የሚሰላበትን ቦታ ያገኘሁት ይመስለኛል። ማስተካከያ ልላክ ወይስ ሌላ ሰው ይዞታል?» ሁለተኛውን የጻፈ ሰው በዚያው ቀን መልስ ያገኛል። እንግሊዝኛው የተዋበ መሆን የለበትም፤ አጭርና ግልጽ ይሁን እንጂ።

ፕሮፖዛሉ

አሁን ወደሚፈራው ነገር ደርሰናል። እስካሁን ያለውን ከሠራችሁ ግን ግማሹ ተጽፏል። በምሳሌ ላሳያችሁ። ለጂኮምፕሪ ገበጣን የሚያስተምር ጨዋታ ለመሥራት አሰባችሁ እንበል።

መጀመሪያ በጋራው ቦታ ላይ ሐሳቡን አቅርቡ፤ በዝርዝራቸው ውስጥ የሌለ የራስ ሐሳብ ማምጣት ይቻላል፣ ግን ሜንተር የሚሆን ሰው ካልፈለገው ፕሮፖዛሉ የትም አይደርስም። ከማቅረባችሁም በፊት የገበጣ ዘመድ የሆነ ጨዋታ በስብስቡ ውስጥ ወይም በሥራ ላይ ባሉ ብራንቾች (ገና ወደ ዋናው ኮድ ያልገቡ ቅጂዎች) ውስጥ መኖር አለመኖሩን ፈልጉ። ካለ ሐሳባችሁ አልሞተም፤ ያለውን ማሳደግ ራሱ ፕሮጀክት ነው።

ከዚያ ሐሳቡን አጥብቡ። ደካማ ፕሮፖዛል «የገበጣ ጨዋታ እሠራለሁ፤ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል፣ በኢንተርኔት መጫወቻና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ተጋጣሚ ይኖረዋል» ይላል። 175 ሰዓት ለዚህ አይበቃም፤ የሚያነበውም ሰው ያውቃል። ጠንካራው የሚነሣው ከጥያቄ ነው። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በሁለት ረድፍ የሚጫወትም በሦስት ረድፍ የሚጫወትም አለ። የትኛውን ነው የምሠራው? «ባለ ሁለት ረድፉን፣ 12 ጉድጓድ ያለውን፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ በ4 ጠጠር የሚጀመረውን እወስዳለሁ፤ ሌሎቹ ከዚህ ፕሮጀክት ውጪ ናቸው» ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ገምጋሚው ግን የሚያምናችሁ እዚህ ላይ ነው። የማይሠራውን በግልጽ የጻፈ ሰው የሚሠራውን ያውቃል።

የጊዜ ሰሌዳውንም በዚሁ መንፈስ ጻፉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምስል የሚባል ነገር አይነካም፤ የጨዋታው ሕግ ብቻ በጃቫስክሪፕት ይጻፋል፣ ከነመፈተሻው። 12 ጉድጓድ በ4 ጠጠር 48 ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ገበጣው ላይ ያለውና የተበላው ጠጠር ሲደመር 48 ካልሆነ ኮዱ ውስጥ ስህተት አለ፤ መፈተሻው ይህን በሺህ ጨዋታ ላይ ያረጋግጣል። እንዲህ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ከሁለት ገጽ ራስን ማወደስ ይበልጣል፤ ሥራውን በጭንቅላታችሁ እንደጀመራችሁት ያሳያል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ገበጣው በስክሪኑ ላይ ይሣላል፤ ሕፃኑ ጉድጓዱን ሲነካ ጠጠሩ አንድ በአንድ እየታደለ ሲሄድ ይታያል። በስድስተኛው ሳምንት፣ ለአጋማሹ ግምገማ፣ ሁለት ልጆች በአንድ ታብሌት ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት ይችላሉ። አጋማሹ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ይኑር፤ ገምጋሚው አስነሥቶ የሚያየው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ለቀላል የኮምፒውተር ተጋጣሚ፣ አንድ ሳምንት ለማስተማሪያ ደረጃዎች፣ አንድ ሳምንት ለድምፅና ለትርጉም ዝግጅት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ባዶ ይሁኑ። «ለሚመጣው አስተያየትና ለዘገየ ሥራ» ብላችሁ ጻፉባቸው፤ ባዶ ሳምንት የሌለው ሰሌዳ ፕሮጀክት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሰሌዳ ነው።

በፕሮፖዛሉ ውስጥ የሚከተሉትም ይግቡ፦ እስካሁን የላካችኋቸው ማስተካከያዎች ከነመገኛቸው፤ ይህ ከሁሉም በላይ ስለሆነ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጥ። ስለ ራሳችሁ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ከዚህ በፊት የሠራችሁት ጌም ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የሚታይበትን ቦታ ጠቁሙ። አንድ ሥዕል አስገቡ፤ በእጅ ወረቀት ላይ የተሣለ ስክሪን ፎቶ ተነሥቶ ቢገባ ምንም ነውር የለውም።

ጊዜያችሁን በሐቅ ተናገሩ። 175 ሰዓት በ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 15 ሰዓት ነው፤ 350 ደግሞ ወደ 29። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጨረሻ ፈተና በሰኔ ላይ ይውላል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ይጀምራል። «ከሰኔ 9 እስከ ሰኔ 20 ፈተና አለብኝ፤ በእነዚያ ቀናት በሳምንት 5 ሰዓት ብቻ እሠራለሁ፤ በሐምሌ አካክሳለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ከሜንተሩ ጋር ከተስማማችሁ ፕሮጀክቱ እስከ 22 ሳምንት ሊራዘም ይችላል። መብራትና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነም አትደብቁት፤ «ኢንተርኔት ከጠፋ በስልክ ዳታ መልእክት እልካለሁ፣ ኮዱን ያለ ኢንተርኔት እቀጥላለሁ» የሚል አንድ መስመር ጥርጣሬን ያስወግዳል።

ቻትቦት አስጽፎ ስለማስገባት ብዙ እጠየቃለሁ። ድርጅቶቹ የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ አንብቡት። ደንቡ የሚፈቅድ ቢሆን እንኳን ሐሳቡና ሰሌዳው የራሳችሁ ይሁን፤ ሜንተሩ «ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያልከው ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የምትመልሱት እናንተው ናችሁ። ቻትቦት የጻፋቸው ፕሮፖዛሎች ደግሞ እርስ በርሳቸው እንደ መንትዮች ይመሳሰላሉ፤ በቀን ሠላሳ የሚያነብ ሰው ይለያቸዋል።

ረቂቁን ከመዝጊያው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማችሁ ለሜንተሮቹ አሳዩ። አስተያየት የተሰጠበትና የተስተካከለ ፕሮፖዛል ገምጋሚው አስቀድሞ የሚያውቀው ፕሮፖዛል ነው።

ማስገባቱ

ማመልከቻው የሚዘጋው በዓለም አቀፉ ሰዓት 18፡00 ላይ ነው። ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው፤ በዋሽንግተን ላላችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃም አይታገሡም። ፕሮፖዛሉ በፒዲኤፍ ይገባል፤ እስከ መዝጊያው ድረስ ደግሞ ደጋግሞ መተካት ስለሚቻል ቀድሞ ማስገባት ምንም አያስቀርም። ከሳምንት በፊት ያለውን አስገቡ፤ ስታሻሽሉት ተኩት። ስታስገቡ የፕሮጀክቱን መጠን በትክክል ምረጡ፤ ድርጅቱ 175 ያለውን 350 ብሎ ያስገባ ሰው ራሱን ያስጥላል።

ስማችሁን ስትመዘግቡ በፓስፖርታችሁ ወይም በባንክ ደብተራችሁ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጻፉት፤ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባት ስም ይግባ። ክፍያው ፔዮኒር በተባለው ዓለም አቀፍ የክፍያ ድርጅት በኩል ስለሚያልፍ ዘግይቶ ስም ማስተካከል አድካሚ ነው። አንዱ ቦታ በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው ቦታ በሌላ አጻጻፍ የተጻፈ ስም ያላቸው ሰዎች ይህን ከወዲሁ ያስተካክሉ።

ከማስገባት እስከ ውጤት

አንድ ወር ያህል ዝምታ ይሆናል። ብዙ አመልካቾች በዚህ ወር ይጠፋሉ፤ እናንተ አትጥፉ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ማስተካከያ ላኩ። ሌላ ጀማሪ በጋራው ቦታ ላይ ኮምፓይሉ እንዳልሠራለት ሲጠይቅ ደብተራችሁን ከፍታችሁ መልሱለት። ገምጋሚዎቹ በዚህ ወር ነው ደረጃ የሚያወጡት፤ ማን እንዳለና ማን እንደሄደም ያያሉ።

ካልተቀበሏችሁ ምክንያቱ የእናንተ ድክመት ብቻ ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ ድርጅት የሚሰጠው ቦታ የተወሰነ ነው፤ አራት ጥሩ ፕሮፖዛል ይዞ ሁለት ቦታ ብቻ የሚያገኝ አለ። በትሕትና ምን ቢሻሻል እንደሚሻል ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይመልሳሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፈተውን አውትሪቺ የተባለውን ፕሮግራምም ተመልከቱ፤ በተለይ በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ወገኖች የተዘጋጀ ነው፣ ለሦስት ወር ሥራ የሚከፍለውም 7,000 ዶላር ነው።

ከተቀበሏችሁ ኮድ መጻፍ እስኪጀመር ያሉት ሦስት ሳምንታት ከማኅበረሰቡ ጋር መተዋወቂያ ናቸው። ከሜንተራችሁ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን የምትገናኙበትን ሰዓት ቁረጡ፤ ሰዓቱን ስትነጋገሩ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በእነሱ ለይታችሁ ተናገሩ። እኔ የመጀመሪያ ቀጠሮዬን ለጠዋት 3 ሰዓት ብዬ ሰጥቼ ሜንተሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ ጠብቆኛል።